ሰረዙን የማያውቅ ቅጽ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ስለማውቅ፣ ሰላምታዬን በማዕረግ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ሰፊ ወንበር ለሚቀመጡት ለክብርት እናታችን፤ ከሩቅም ቢሆን ጉልበታቸውን ስሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ እላለሁ። ቀጥሎ ለእርስዎ፣ ለቤቱ ምሰሶ፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ያንን ቤት ቤት ላደረጉት ለባለቤትዎ ለእትዬ፤ በመጨረሻም ይህን ወረቀት ይዛ ለምታነበው ለልጃችን፤ ለእያንዳንዳችሁ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አንቺም ልጄ፣ ስታነቢ አትቸኩዪ፤ አያትሽ «እስቲ እሱን ድገሚው» ሲሉሽም አትነጫነጪ።

የእናታችን ዓይን እንዴት ነው? ሐኪሙ ፋሻውን ካነሣ ወዲህ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ቻሉ ወይስ አሁንም ጎረቤት ያስጠራሉ? እርስዎስ፣ ወገብዎ ተሻለዎት? የመሥሪያ ቤትዎ አሳንሰር ተሠራ ወይስ ስድስቱን ፎቅ አሁንም በእግርዎ ነው የሚወጡት? የእትዬ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደም ግፊቴ አልፎ አልፎ ከፍ ይላል፤ ሰሞኑን ግን በቂ ምክንያት ስለነበረው አልፈረድኩበትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድም ጋሼ፣ በስልክ የሰጡኝን ምክር አልተቀበልኩም። ምክሩ ከፍቅር እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ቃልዎን ሰምቼ የተጎዳሁበት ቀንም ትዝ አይለኝም። በዚህ በአንዱ ግን እምቢ አልኩ፤ ዋጋውንም ከፈልኩ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት በእጄ ጽሑፍ እንዲያገኙት ስለፈለግሁ፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ እተርካለሁ። እናታችንም ልጃቸው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ እንደኖረች አንድ ጊዜ በወጉ ቢነገራቸው ደግ ነው፤ እስካሁን ለጎረቤት የሚናገሩት «ልጄ ኮምፒውተር ታበራለች» እያሉ ነውና።

ወደዚህ መዝገብ ቤት የገባሁት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ሰው በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በመስኮታችን በኩል ያልፋል። አሥራ ሁለት ዓመት ቅጽ ስሞላ ኖርኩ። በዚያን ጊዜ አንድ ተቋራጭ ለመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ሄደ። በገጹ ላይ ከሰፈረው የስልክ ቁጥር አንዱ አኃዝ ተሳስቶ ኖሮ፣ የምስክር ወረቀት ፈላጊው ሁሉ የሚደውለው ለአንድ ልብስ ሰፊ ሆነ። ሰውዬው ስድስት ወር ታገሡ። በሰባተኛው ወር ሜትራቸውን ባንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ቢሮአችን ድረስ መጥተው፣ «እኔ ሱሪ ነው የማሳጥረው! ትናንት አንዷ ባሌ ሞቷል፣ ምን ይዤ ልምጣ ብትለኝ ምን ልበላት?» ብለው ጮኹ። ተቋራጩ ስልክ አያነሣም፤ ኃላፊዎቹ እርስ በርሳቸው ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። የእኔ ጠረጴዛ ከበሩ አጠገብ ስለነበረ ጩኸቱ ሁሉ የሚያርፈው በእኔ ላይ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገጹን ከፍቼ ስነካካ፣ የገጹን ምንጭ አሳይ የሚል ትእዛዝ አገኘሁና ተጫንኩት። እናታችን አዲስ ልብስ ሲገዙ መጀመሪያ ገልብጠው ስፌቱን ነው የሚያዩት፤ የታየኝም እንደዚያ ያለ ነገር ነበር። ከፊት ያማረው ገጽ ከጀርባው በክርና በቋጠሮ የተያያዘ ጽሑፍ ኖሯል። በመካከሉ ያ የልብስ ሰፊው ቁጥር ቁጭ ብሏል። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈቃዱ በአንድ ቀን ተሰጠኝ፣ የመግቢያ ቃሉን ፍለጋ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ በመጨረሻ ከአንድ የተዘጋ ፋይል ጀርባ ተለጥፎ ተገኘ። አንዷን አኃዝ ለወጥኩ። ልብስ ሰፊው እፎይ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ በጤናዬ ቅጽ መሙላት አልቻልኩም።

ትምህርቴ እንዲህ ነበር። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እዋሳለሁ፤ ያልገባኝን ገጽ ጊዜው ባለፈበት የልደት ቅጽ ጀርባ ላይ እገለብጣለሁ፤ በምሳ ሰዓት እሞክረዋለሁ። ለእናታችን እንዲገባቸው ብናገር፣ ኤችቲኤምኤል የሚባለው የገጹ አጥንት ነው፤ ሲኤስኤስ የሚባለው ልብሱ ነው፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለው ደግሞ ገጹ ሲነኩት መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው ነው። እነዚህን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሠራተኛው የዓመት ዕረፍት ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ዳይሬክተሩን ጨምሮ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ዕረፍት እንደሚወጣ ስለሚያሳይ፣ ቢሮው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ዘበኛው ሳይቀሩ «እኔስ መቼ ነው የምወጣው? ቁልፉን ለማን ልስጥ?» እያሉ በየማለዳው ይጠይቁኝ ነበር። ደብተሬን የሚያርም አስተማሪ ስላልነበረኝ፣ ያስተማረኝ ስህተቴ ራሱ ነበር ማለት እችላለሁ።

የቀጠሮ መያዣውን ገጽ ስሠራ ግን ሳቁ ቀረ። ቀድሞ ባለጉዳይ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ይሰለፍ ነበር፤ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የሚይዝም ነበር። ገጹ በተከፈተ በአራተኛው ወር ከአጥሩ ሥር ሰው ጠፋ፤ ድንጋዮቹንም አትክልተኛው ሰብስቦ የአበባ መደብ ጠርዝ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ በየደረጃው መጣ። የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ ከዚያም የአገልግሎቱ ምክትል ዳይሬክተር። በየጉባኤው ከፊት ረድፍ ወንበር ይያዝልኛል፤ ንግግር አድርጊ እባላለሁ። ሆኖም በየሹመት ደብዳቤዬ ላይ «የትምህርት ደረጃ» በሚለው መስመር የሚጻፈው ያው የጽሕፈት ሥራ ምስክር ወረቀቴ ነው። በምሠራው ሙያ አንድም ወረቀት የለኝም።

ስህተት አልሠራሁም አልልዎትም። አንድ ጊዜ በቅጡ ያልተፈተነ ለውጥ በቀጥታ ሕዝቡ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ አስገብቼ የሦስት ቀን ምዝገባ አጠፋሁ። መቶ አሥራ ሰባት ቤተሰብ እየደወልን፣ ይቅርታ እየጠየቅን፣ እንደገና መዘገብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጂ ሳላስቀምጥ አንዲት ፊደል አልነካም። ያ ስህተት ግን ጮኾ የመጣ ነበር። አሁን የምነግርዎት ድምፁን አጥፍቶ አራት ዓመት የኖረውን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የልደት ምዝገባውን ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ አዛወርን። ቅጹን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ አጥብቀው የሚመክሩት አስፈላጊ የሆነ ቦታ ባዶ እንዳይታለፍ ነበር። እኔም በልጅ ስም፣ በእናት ስም፣ በአባት ስም አጠገብ ቀይ ኮከብ አኖርኩ። ያልተሞላ እንደሆነ ገጹ «ይህ ቦታ ባዶ መሆን አይችልም» ብሎ ይቆማል። ሰው ነጥብ ወይም ጭረት ነካ አድርጎ እንዳያልፍም፣ ከሁለት ፊደል በታች እንዳይቀበል አዘዝኩት። በዚያ ጥንቃቄዬ እንዴት ኮርቼ እንደነበር ባዩኝ!

ወንድም ጋሼ፣ በወረቀቱ ዘመን አባቱ ያልተገለጸ ልጅ ሲመዘገብ በአባት ስም ቦታ ላይ አጭር ሰረዝ ይደረግ ነበር። በመመሪያ አልተጻፈም፤ ስብሰባ አልተጠራበትም፤ መዝጋቢ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ያቺ ሰረዝ እናትየዋን ከጥያቄ የምታድን፣ ልጁንም በሰላም የምታሳልፍ ነበረች። እኔ ራሴ በታይፕ መኪናዬ ስንት መቶ ጊዜ መትቻታለሁ። ይህን የሚያውቅ እጅ፣ ሰረዝ የማይቀበል ቅጽ ሠራ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

በመስኮት ቁጥር ሦስት የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መዝጋቢ አሉ፤ ቢሮው ጋሽ ማኅተም ይላቸዋል። ማኅተም ሲመቱ ጠረጴዛው ይዘላል፤ የጎረቤት መስኮት ሠራተኛ ሻዩን በእጁ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም። ቅጹ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ፣ «አለቃ፣ ያንቺ ገጽ እኮ ሰረዝ አይወድም» አሉኝ። ወደ ስብሰባ እየቸኮልኩ ነበር። «መመሪያው ሙሉ ስም ነው የሚለው ጋሽዬ» ብዬ አለፍኩ። ዞር ብዬ እንኳ ፊታቸውን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ጋሽ ማኅተም ሲነግሩኝ እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ልጅ ያቀፈች ሴት መስኮቴ ላይ ቆማለች፤ ያንቺ ኮምፒውተር ቀይ በቀይ ይሆናል፤ ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። አይታወቅም ብዬ ልጻፍ አልኩና፣ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ አስተማሪው በዚያ ስም ሲጠራው ታየኝ። ታዲያ የኔ ስም ምን ጎደለው? አልተከሰሰ፣ አልተሰደበ፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ውሰጂው አልኳት።» የመጀመሪያዋ እናት ወሰደችው። ሁለተኛዋም ወሰደች። ወሬው ከማዋለጃ ክፍል እስከ ገበያ ደረሰ መሰለኝ፣ ሴቶቹ ሌላውን መስኮት ሁሉ ትተው ቁጥር ሦስትን ብቻ ይጠይቁ ጀመር።

ነገሩ የተገለጠው ከሁለት ወር በፊት ነው። አንዲት ጸጉር ሠሪ ልጇን ይዛ ሌላ አገር ወደምትኖረው እህቷ ልትሄድ ብትነሣ፣ የጉዞ ሰነድ የሚሰጡት ሰዎች የአባትየውን ፈቃድ አምጪ አሏት። ሥራዋን አቋርጣ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ቢሮዬ ገባች። «እመቤቴ፣ አባቱ ይፈርም ብለውኛል፤ የልጄ አባት ደግሞ እታች መስኮት ቁጥር ሦስት ተቀምጦ ማኅተም እየመታ ነው» አለችኝ። እንደ ቀልድ ሰማኋት። ከዚያ መዝገቡን በዚያ የአባት ስም ፈለግሁት። ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አላልቅ አለ። አርባ አንድ ልጆች። ጋሽ ማኅተምን አስጠርቼ ስክሪኑን ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩ በኋላ የተናገሩት «ስንት ደረሱ አለቃ?» ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን ያውቁታል። የቁጥጥር ክፍሉ ሐሰተኛ መረጃ ሆን ብሎ በማስገባት የዲሲፕሊን ክስ መሠረተባቸው፤ ጥፋተኛ ከተባሉ ቅጣቱ ስንብት ነው። በክብር ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። በዚያው ሳምንት እኔ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። የድረ ገጹን ምዝገባ ለቅርንጫፎች ሁሉ የሚያዳርስ ራሱን የቻለ ክፍል ሊቋቋም ነው፤ ለመሪነቱ የታጨሁትም እኔ ነኝ። ሆኖም የሙያ ወረቀት ስለሌለኝ፣ ራሴን እንዴት እንዳስተማርኩ፣ ምን እንደምችልና ምን እንደሠራሁ በጽሑፍ አቅርቤ በኮሚቴ ፊት እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። በምሳ ሰዓት ለተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥታዊ ዕውቅና ሊሰጠኝ አንድ ስብሰባ ቀርቶኛል ማለት ነው።

ያኔ ነው የደወልኩልዎት። እርስዎ መሐንዲስ ነዎት፤ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ፊት ቀርበውም፣ በኮሚቴው ወንበር ተቀምጠውም ያውቃሉ። «አንቺ ገጽ ሠራሽ፤ ስሙን የጻፈው ሰውዬው ነው። ሁለቱን ጉዳይ አታገናኚ። በሥራ ማመልከቻ ላይ ጥፋቱን የሚዘረዝር ሰው አይቼ አላውቅም። ወረቀት ያለውን እንኳ አይምሩም፣ ላንቺማ ሰበብ ነው የሚፈልጉልሽ» አሉኝ። እውነትዎን ነበር። ወደኋላ ሄጄ ሳስበውም ከቃልዎ ውስጥ ስህተት አላገኘሁበትም።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በምክርዎ መሠረት ጻፍኩት፤ አምሮ ነበር። በመካከሉ «ከስህተት የተጠበቀ የልደት ምዝገባ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ» የሚል መስመር ገባበት። መስመሩን ደግሜ ሳነበው ከታች የጋሽ ማኅተም ማኅተም ወለሉን አልፎ ይሰማኛል፤ ተከሰውም ሥራቸውን አላጓደሉም። የመከላከያ መልሳቸውን አስመጥቼ አየሁት፤ አራት መስመር ነው። ኮሪደር ላይ እንዳስጠነቀቁኝ አንዲት ቃል አላነሡም። ወርጄ ለምን ብላቸው፣ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ ትሠሪያለሽ፤ እኔ ወጪ ነኝ» አሉኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ልጅ ተባልኩ፤ እንደ ልጅም አፈርኩ። ተመልሼ ረቂቁን ቀደድኩት።

ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ተቀመጠ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰዎች፣ እየደጋገመ የሚያፏጭ ማይክሮፎን። ስለ ችሎታዬ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ የልብስ ሰፊውን ነገር ስናገር ሳቁ። ስለ ሥራ ታሪኬ ያለውን አነበብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልተጠየቅሁትን ሦስተኛ ርእስ ጀመርኩ፤ «በእጄ የተፈጸመ ጥፋት» ይላል። ኮከቡን፣ የሁለት ፊደሉን ትእዛዝ፣ ኮሪደሩን፣ አርባ አንዱን ልጆች፣ አንድ በአንድ አስቀመጥኩት። ሐሰተኛው ስም የገባው እውነተኛውን መልስ የማይቀበል ቅጽ ስለሠራሁ መሆኑን፣ በማስጠንቀቂያም ላይ አልሰማም ማለቴን ገለጽኩ።

ከአባላቱ አንዱ፣ ዶክተር የሆኑ ሰው፣ «ሙያውን በሥርዓት የተማረ ሰው ይህን አይሠራም ነበር» አሉ። ምናልባት ልክ ናቸው፤ እንደዚያው መለስኩላቸው። መጻሕፍቱ በሩን እንዴት እንደምዘጋ አስተማሩኝ፣ ለማን መክፈት እንዳለብኝ ግን ከመስኮቱ ካልሆነ በቀር የምማርበት ስፍራ እንደሌለ፣ እኔም ከመስኮቱ ተምሬው ሳለ ሹመት እንዳስረሳኝ ጨምሬ ተናገርኩ። ቀጥሎ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ባትጽፊው እኮ አናውቅም ነበር። ለምን ጻፍሽው?» አሉኝ። «ነገ በየቅርንጫፉ አንድ አንድ ጋሽ ማኅተም ይኖራል። ቅጹ ሲያስቸግራቸው ለእኔ እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ፤ ስማቸውን እየሰጡ እንዲሸፍኑልኝ አልፈልግም። እኚህ ሰው ተቀጥተው እኔ ከተሾምኩ ግን ሁለተኛ የሚነግረኝ አይኖርም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ኮሚቴው ጽሑፌን ለቁጥጥር ክፍሉም መርቶት ኖሮ፣ የሁለቱም ጉዳይ ውሳኔ ሐሙስ ደረሰ። በጋሽ ማኅተም ላይ የቀረበው ክስ ተነሥቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በእኔም የግል ማኅደር እንዲገባ ታዘዘ። የአዲሱ ክፍል መሪነት ደግሞ የሙያ ፈቃድ ላለው ለሌላ ሰው ለአንድ ዓመት ተሰጠ። ለእኔ ምርጫ ተተወልኝ፤ በምክትል ዳይሬክተርነቴ ቆይቼ ከቅጾቹ እንድርቅ፣ ወይም ሹመቱን ለቅቄ በአዲሱ ኃላፊ ሥር ቅጾቹን እንድሠራ። መሪነቱ በዓመቱ ለውድድር ይቀርባል፣ የሙያ ብቃት ፈተናውን ካለፍኩ መወዳደር ይፈቀድልኛል ይላል። እንግዲህ እርስዎ እንደተናገሩት ሆነ፤ ሰበብ ሰጠኋቸው፣ ሰበቡን ተጠቀሙበት። ምርጫዬን ለመወሰን ግን ደብዳቤውን ከተቀበልኩበት ክፍል እስከ ደረጃው ድረስ ያለው መንገድ በቃኝ። ወንበሩን ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል። የኔን ስህተት ግን ሌላ ሰው እንዲያርመው አልፈቅድም።

አርብ ጠዋት፣ ክሱ እስኪዘጋ እንዳይነካ ታግዶ የቆየውን ቅጽ ቅጂ አስቀምጬ ከፈትኩት። ከአባት ስም አጠገብ ኮከቡን አነሣሁ፤ ሰረዝ ይቀበል ዘንድ አዘዝኩት። ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ጋሽ ማኅተም እንዲሞክሩት ጠራኋቸው። በአንድ ጣታቸው ሰረዟን ነክተው፣ ገጹ ሲያልፍ እያዩ፣ «ይኸው፤ አራት ዓመት የፈጀው ይሄ ነው?» አሉ። የአርባ አንዱ ልጆች መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታረማል፤ እናቶቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ማመልከቻቸውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የጸጉር ሠሪዋ ከሁሉ አስቀድሞ ቀርቧል። ጋሽ ማኅተም ይህን ሲሰሙ፣ «ያለ ምጥ ያገኘሁትን ልጅ ሁሉ ያለ ለቅሶ ላጣው ነው» ብለው ቢሮውን አሳቁት። ከሳቁ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ መነጽራቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው።

አዲሱ ኃላፊ ገና ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሦስት ዲፕሎማ ያለው፣ ጨዋ ሰው ነው። ትናንት በሩን አንኳኩቶ ገብቶ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ሁሉም ስለ ሰረዝ ያወራል፤ ሰረዙ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንበር ስቤ አስቀምጬ ነገርኩት። ደብተር አውጥቶ ጻፈ። በዚያች ቅጽበት ከርሱ ጋር መሥራት እንደምችል አወቅሁ። ክፍሌም ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ከመስኮቶቹ ጀርባ ወርዷል፤ ባለጉዳዩ የሚለውን ሁሉ ያለ ሪፖርት ስለምሰማ ተመቸኝ።

አሁን የቀረኝ ፈተናው ነው። አራት ወር አለኝ፤ ግማሹ የተግባር ስለሆነ አልፈራውም። ግማሹ ግን የንድፈ ሐሳብና የሒሳብ ነው። ለዓመታት ስሠራው ኖሬ ስሙን የማላውቀው፣ ስሙንም ሰምቼ ማሳያውን የማላውቀው ነገር ብዙ ሆኖ አገኘሁት። ባለፈው እሑድ አንድ የቆየ ፈተና ሞክሬ ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ። እንደ ልጅነቴ ወረቀቱን ለመደበቅ አሰብኩ፤ ከዚያ ለእርስዎ ለመላክ ወሰንኩ፤ ከዚህ ጋር ታሽጓል።

ወንድም ጋሼ፣ ምክርዎን ባለመስማቴ ቢያዝኑብኝ ተገቢ ነው፤ ቢቆጡኝም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ከቁጣው በኋላ ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሒሳቡን እርስዎ ያስተምሩኝ። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት በስልክ ይስጡኝ፤ የተሳሳትኩትን በቀይ ያርሙልኝ፤ ታናሽ እህቴ ናት ብለው ግማሽ ነጥብ እንኳ አይጨምሩልኝ። እስከ ዛሬ ራሴን በራሴ ሳስተምር የኖርኩት የሚያስተምረኝ ሰው ስለታጣ ነው፤ እርስዎን ግን ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ብወድቅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እቀመጣለሁ፤ ብወድቅም እንደገና። መዝገብ ቤቱ በጡረታ እስከሚያሰናብተኝ ድረስ ጊዜ አለኝ።

በመጨረሻም ለክብርት እናታችን፤ ልጅዎ ኮምፒውተር ከማብራት አልፋ እየሠራች መሆኗን ለጎረቤት ይንገሩልኝ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው ግን ባይነግሩብኝ ደስ ይለኛል። ለእትዬ፤ ሳሉን ችላ አይበሉት፣ የቅዳሜ ከሰዓታቸውን ስለምሻማባቸውም ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለልጃችን፤ የፈተናሽን ውጤት ጻፊልኝ፤ የኔን አይተሻልና አታፍሪ። ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ይህን ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለእናታችን ሙሉ ጤና፣ ለቤታችሁ ሰላም፣ ለእርስዎም በሥራዎ ሁሉ መቃናትን እመኛለሁ፤ ለአዲሷ ተማሪዎም መልካም ውጤት ይመኙላት።

አክባሪ ታናሽ እህትዎ

ከመዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከመስኮቶቹ ጀርባ ካለው ክፍል
ረቡዕ፣ የካቲት 19 ቀን